ሌላ ካለ ይገለጽ

ሥራዬ ምን እንደሆነ ስጠየቅ ድምፄ በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል። «የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ባለሙያ ነኝ» ስል ሰው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎ ወሬ ይቀይራል። ሻይ ቤት ስገባ የቢሮዬ ሰዎች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ሳቁ ይቆማል። «ነይ ተቀመጪ፣ ስለ አንቺ አይደለም» ይሉኛል፤ ስለ እኔ እንደነበር የማውቀው በዚሁ ነው። አልቀየማቸውም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

የምሠራባት ከተማ በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ስሟን ከጻፍኩ የሁላችንም ስም ተጻፈ ማለት ነው። ግማሹ ቤት ሀዲይሳ ይናገራል፣ ግማሹ ከምባቲሳ፤ ቢሮ ስንገባ ሁላችንም ወደ አማርኛ እንዞራለን። እዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ዶዮገና ሳይደርሱ ዘመድ ሆነው ይወርዳሉ። የማን ልጅ ነሽ፣ ጎሳሽ ማነው፣ እናትሽ ከየት ናት፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። በሄድኩበት ሁሉ የሚቆጣኝና የሚያበላኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። ለሥራዬ ግን አይመችም።

ስለ ጥቅም ግጭት ሆሳዕና ላይ ለሦስት ቀን ሠልጥነናል። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ሰው ነበር። «አንድ ኃላፊ ለወንድሙ ሥራ ቢሰጥ» ብሎ ምሳሌ ሲያመጣ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። «ወንድሙ ብቻ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው ደግሞ የአክስቱ ባል ወንድም ጉዳይ ይዞ ቢመጣስ ምን ልሁን ብሎ ጠየቀ። ምስኪኑ አሠልጣኝ ለማስረዳት የዘር ሐረግ መሳል ጀመረ፤ ትልቁ ወረቀት ሞላና ሌላ ወረቀት ቀጠለበት፤ እሱም ሞላ። በመጨረሻ «ቅጹ ላይ ያለውን ብቻ ሙሉ» ብሎ ገላገለን። እኔም ወደ ከተማዬ የተመለስኩት ይቺን አባባል ይዤ ነው።

ከዚያ የገበያው ሼድ መጣ። የቅቤና የቆጮ ገበያችን ከጥንት ጀምሮ ሜዳ ላይ ነበር። ሴቶቹ ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው መሬት ላይ ይደረድራሉ። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይዘረጋሉ፤ ላስቲኩ ለቅቤው እንጂ ለእነሱ አይበቃም። አስተዳደሩ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ሼድ ሠራና ሜዳውን በአጥር ሊከልለው ወሰነ። ደስ የሚል ነገር ነው። ችግሩ ቦታው ከሴቶቹ ቁጥር ማነሱ ነበር፤ ቦታ ያላገኘች ሴት ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር መውጣቷ ነው። አምስት ሰዎች ያሉበት የድልድል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔ አባል ሳልሆን ታዛቢ ሆንኩ።

ሰብሳቢው የድሮ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሬ ነበሩ። ትውልዳቸው ዶዮገና ነው፤ ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም ከተማው ዛሬም «ዳይሬክተር» ይላቸዋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ቀጭን ናቸው፣ ባርኔጣ አይለያቸውም፤ እጅ ሲጨብጡ ዛሬም ጥፍሬን የሚያዩኝ ይመስለኛል። ሕዝቡ ለሰብሳቢነት የመረጣቸው ማንንም ስለማይፈሩ ነው። እኔ ደግሞ እሳቸውን ስለምፈራ ምርጫው ብዙም አልተመቸኝም።

ለሁላቸውም የጥቅም ግጭት ማሳወቂያ ቅጽ አደልኩ። አንድ ገጽ ናት። የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ የንግድ ሸሪክ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሌላ የቅርብ ግንኙነት ካለ ይገለጽ» የሚል አንድ መስመር አለች። «እቺን ባዶ ተዉአት፣ ማንም አይሞላትም» አልኳቸው። አራቱ ቆመው ሞልተው ፈርመው ሰጡኝ፤ ሁሉም «የለም» ነበር። አንደኛው ሚስቱ ቆጮ ትሸጣለች። «እሷ ገና አላመለከተችማ» አለኝ በቅን ልቦና፤ አስገድጄ አስጻፍኩት። እኔም እንደ ታዛቢ የራሴን ሞላሁ። የለም፣ የለም፣ የለም፣ የለም። ባለትዳር አይደለሁም፣ ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፣ እናቴ አርፋለች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጋሼ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ገጽ ይዘው መጡ።

በመስመር ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፉበት በነበረው በዚያ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት ነበር የሞሉት። የባለቤታቸው እህት ባል። ለመስቀል ሃያ ዓመት ሙሉ አብሯቸው በሬ የሚያርደው ጎረቤት። የአባታቸውን አስከሬን ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው። ሽማግሌ ሆነው የዳሯት ልጅ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በሙሉ። ከዚያ ጎሳቸው፣ ከነቅርንጫፉ፣ «እና ሌሎች ያልታወሱኝ» ከሚል ማስታወሻ ጋር። ቢሮው ውስጥ ገጾቹን እየተቀባበልን ስንስቅ እንባችን ፈሰሰ። እኔ ከሁሉም የበለጠ ሳቅሁ።

ከዚያ አስጠራኋቸውና ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የጠየቅሽኝ ነዋ።»

«እኔ የጠየቅሁት የቅርብ ሰው ነው።»

«የቅርቤ ናቸው። አንዱን ጥሪና አይደለም በዪኝ፤ ልሰርዘው።»

መጥራት አቃተኝ። ገጾቹን ሳገላብጥ ግን ስድሳ ሦስተኛው ስም ላይ ዓይኔ አረፈ። «የሥነ ምግባር ባለሙያዋ» ይላል። «ተማሪዬ ነበረች። ብሳሳት ደፍራ የምትነግረኝ አይመስለኝም።»

ደሜ ፈላ። እኔ ነኝ እንዴ የማልደፍረው? አፌን ከፍቼ ልመልስላቸው ስል ሌላ ነገር ታየኝ፤ ሲገቡ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር፣ እሳቸው ተቀምጠው እኔ እስከዚያች ሰዓት እንደቆምኩ ነኝ።  እሳቸውም መቆሜን አዩ። ከዚያ በዚያ የፈተና ወረቀት በሚሰበስቡበት ድምፅ፣ «አንቺስ ምን ሞላሽ?» አሉኝ።

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ መልሰው አድርገው አዩት። «እዚህ ከተማ ውስጥ?» ብለው ብቻ ወጡ።

ደንቡ የቅርብ ሰው ያለው አባል ጉዳዩ ሲታይ ይውጣ ይላል፤ ስብሰባው ሲጀመር ጋሼ ይህንኑ አደረጉ። ከዝርዝራቸው ውስጥ ያለ ሰው ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «እኔ ይቺን አውቃታለሁ» ይሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ኮሪደር ይወጣሉ። ምክትል ሰብሳቢው ይቀጥላል። ሲጨርስ በሩን ይከፍትና «ጋሼ፣ ይግቡ» ይላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ይወጣሉ። ከተቀመጡበት ይልቅ የወጡበት ይበዛ ነበር። አባላቱ የበሩ ማጠፊያ ሊነቀል ነው እያሉ ቀለዱ። ነገር ግን እያደር ሌሎቹም አንድ በአንድ «እኔም ይቺን... ትንሽ» እያሉ መውጣት ጀመሩ። እኔ በሥልጠና ያላመጣሁትን ነገር እኚህ ሽማግሌ በእግራቸው አመጡት። ኮራሁባቸው፤ ትንሽም ቀናሁባቸው።

ቦታ ያገኙት ሴቶች ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የአንዲት ቅቤ ሻጭ ስም የለበትም። እማ እላታለሁ።

የወለደችኝ አይደለችም። እናቴ እኔን ስትወልድ ታማ ሆሳዕና ሆስፒታል ብዙ ሳምንት ተኛች። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የመጀመሪያ ልጅ በተወለደ በቀናት ውስጥ ሞቶ ነበር፤ ጡቷ ግን ሞልቷል። አባቴ ጨነቀውና በጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ሰጣት። ምን ብሎ እንደሰጣት ጠይቄው አላውቅም፤ እሷ ስትነግረኝ «ምንም አላለም፣ እንደ ሞኝ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር» ትላለች። እናቴ ድና ከተመለሰች በኋላም ከእማ ጡት አልተለየሁም። እማ ከዚያ ወዲህ አልወለደችም። የገበያ ቀን ከማዳበሪያዋ ጥግ እያስቀመጠችኝ፣ ለገዢ ቅምሻ ከምታወጣው ቅቤ ቆንጥራ አናቴ ላይ እየቀባችኝ አሳደገችኝ። ሁለት እናት ስላለኝ ልጆች ይቀኑብኝ ነበር። ታዲያ ይህች ሴት የት ሄዳ ነው ቅጼ ላይ «የለም» ብዬ የጻፍኩት? እውነቱን ለመናገር አልደበቅኋትም። በቅጽ የምትሞላ ነገር ናት ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዝርዝሩ የወደቀችው በማንም ተንኮል አይደለም። ነጋዴዎቹ ሜዳው ላይ ሲመዘገቡ እህቷ ሞታባት ጃጁራ ሄዳ ለቅሶ ላይ ነበረች። ደንቡ እንዲህ ላለው ሰው መንገድ አለው። ይግባኝ ትላለች፤ ሜዳው ላይ ለረጅም ጊዜ እንደነገደች የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ታቀርባለች። ምስክሮቹ ግን ቦታ የሚጠይቁ መሆን የለባቸውም፤ ዘመዶቿም መሆን የለባቸውም። ይህን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። እዚህ ከተማ እማን የሚያውቅ ሰው ወይ አብራት ቅቤ ትሸጣለች፣ ወይ ዘመዷ ነው። ከገበያው ትይዩ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ አባት በፈቃደኝነት መጡላት፤ ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ቀድማቸው ተቀምጣ እንደሚያገኟት ተናገሩ። አንድ ሆነ። ሁለተኛው ጠፋ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ መጣች። ስለ ሼድ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ስለ እህቷ አወራችኝ፣ ስለ ጉልበቷ አወራችኝ፤ ከዚያ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔም ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቅቤውን መልሼ ወደ እሷ ገፋሁት። «እማ፣ አሁን አልችልም። ይግባኝሽ እኛ ጋ ነው ያለው። ከባለጉዳይ ምንም አልቀበልም» አልኳት። ባለጉዳይ አልኳት!

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቅጠሉን እያስተካከለች፣ «ለሼዱ መሰለሽ እንዴ?» አለች። «አናትሽ ደርቋል። ድሮም ካልቀባሁሽ አትቀቢም።» ቅቤዋን ይዛ ሄደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ማልቀስ አማረኝ፤ ጎረቤት እንዳያየኝ ገባሁ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ነገሩ ሁሉ ተመቻችቶ ጠበቀኝ። ምክትል ሰብሳቢው፣ ደግ ሰው ነው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ ለምን አትመሰክሪላትም?» አለኝ። «ከልጅነትሽ ጀምሮ እዚያው አጠገቧ አይደል እንዴ የተቀመጥሽው? ቦታ አትጠይቂ። ዘመዷ አይደለሽ፤ በደምም በጋብቻም። ቅጽሽም ንጹሕ ነው።» እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነበር። ልመሰክር የምችለውም እውነቱን ነው፤ ሴትዮዋ እዚያ ሜዳ ላይ ስትነግድ እኔ አጠገቧ ጥርስ አውጥቻለሁ። ታዛቢነቴን ለአንድ ቀን ትቼ ቃሌን ብሰጥ ማንም ምንም አይለኝም፤ እማም ቆርቆሮ ሥር ትገባለች። ሁለት ቀን ሙሉ ይህንን አላመጥኩት። ለምን እንደማይዋጥልኝ ለራሴ ማስረዳት ሲያቅተኝ በጋሼ ተናደድኩ። እነዚያ አሥራ አንድ ገጾች ባይኖሩ ኖሮ እንቅልፌን ተኝቼ ጠዋት እመሰክር ነበር።

ይግባኙ በሚታይበት ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ከፋይሉ ውስጥ ቅጼን አወጣሁ። መጨረሻዋ መስመር ላይ ያለውን «የለም» ሰርዤ ከላዩ ጻፍኩ፤ ፈረምኩበትም። ጋሼ ሲመጡ ሰጠኋቸው። አነበቡት። እንደ ተማሪ ደብተር ትክክል ምልክት የሚያደርጉልኝ መስሎኝ ነበር፤ የኮሚቴውን ማኅተም አውጥተው መቱበትና መለሱልኝ። ምክትሉ አንገቱን ነቀነቀ። «ለአንዲት መስመር ብለሽ» አለኝ። ልክ ነው፣ ለአንዲት መስመር ነው።

የእማ ስም ሲጠራ ጋሼ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ቅቤ ከእሷ ነው የምገዛው፣ ምራቂም ታበዛልኛለች» ብለው ወጡ። እኔም ቀጥዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እማ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አጽድታ፣ የገበያ ጫማዋን ለውጣ። ጋሼ ከቀኟ ተቀመጡ፣ እኔ ከግራዋ። በዚያች ከተማ እሷን በደንብ የምናውቃት ሰዎች ውጭ ነበርን፤ ውስጥ ያሉት ወረቀት ያገላብጣሉ።

«ምነው ወጣሽ?» አለችኝ በሀዲይሳ።

«መውጣት ስላለብኝ ነው።»

«አትመሰክሪልኝም?»

«አልችልም፣ እማ።»

ፊቷን ወደ በሩ መለሰች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ሁልጊዜም ከቅቤው የተነሳ ወዝ አላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን እይዛት ነበር፤ ያን ቀን መያዝ መብቴ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ንገሪያት እንጂ ለምን እንደወጣሽ» አሉኝ።

«እኔ ምስክር መሆን የማልችለው ዘመድሽ ስለሆንኩ ነው» አልኳት። «ቅጹ ላይ አንቺን ጽፌሻለሁ።»

«እኔን? የቢሮ ወረቀት ላይ?»

«አዎ።»

«ምን ብለሽ?»

ቅጹን ከፋይሌ አውጥቼ ወደ ሀዲይሳ እየመለስኩ አነበብኩላት። «በዛሬው ዕለት ይግባኟ የሚታየው ቅቤ ነጋዴ ጡት አጥብታ ያሳደገችኝ እናቴ ናት።»

 ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ሰማያዊውን ማኅተም ግን በጣቷ ነካች። «ይኼ እውነተኛ ማኅተም ነው?»

«እኔው ነኝ የመታሁት» አሉ ጋሼ።

«ቀበሌ በሄድኩ ቁጥር ልጅ አለሽ ወይ ይሉኛል» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው፣ እንደ አቅሟ በአማርኛ። «አለችኝ እላለሁ። ስም ንገሪን ይላሉ፣ የእሷን ስም እነግራቸዋለሁ። ማስረጃ አምጪ ይላሉ። ከየት አምጥቼ? ከዚያ የለም ብለው ይጽፋሉ። ለጤና መድን ስመዘገብም የለም፤ ለእርዳታ ስመዘገብም የለም።»

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ስንት ጊዜ እንደሄደች፣ ስንት ጸሐፊ እንደመለሳት አላውቅም። እኔ እዚያው ቀበሌ በየወሩ ለሥራ እገባለሁ። አፈርኩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ወረቀቱን ተቀብያት ኮፒ ማድረጊያው ወዳለበት ክፍል ገባሁ። ቅጹ ሚስጥራዊ ሰነድ ነው፤ የራሴ ስለሆነ ለማንም መስጠት እችላለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁለት ኮፒ አነሳሁ፤ አንዱ ቢጠፋባት ብዬ።

ስመለስ በሩ ተከፈተና ጸሐፊዋ ወጣች። ከዓይኗ ገባኝ። ከአጠገቤ አልፋ እማ ፊት ቆመችና በትሕትና ጎንበስ ብላ፣ ሁለተኛ ምስክር ባለመቅረቡ ኮሚቴው ቦታ ሊሰጣት እንዳልቻለ፣ ነገር ግን በተጠባባቂነት እንደያዛት ነገረቻት። እማ ኮፒውን ከእጄ ተቀብላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«እስቲ ድገሙልኝ» አለች።

ጸሐፊዋ አዘነችላትና ቀስ ብላ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሁለተኛ ምስክር ባለመቅረቡ ብላ ጀመረች።

«እሱን አይደለም» አለች እማ። ወረቀቱን ለጋሼ ዘረጋችላቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከአግዳሚው ተነስተው ቆሙ፤ ኮሪደሩ ሙሉ እስኪሰማ አነበቡላት።